ከደቻቱ ፌስታል ጋር ተፋጥጫለሁ

ሰላም ድሬዎች። የወጣቶች የአመራር ስልጠና ላይ ነኝ። ለመመረቅ ሰፈር ውስጥ አንድ የሚታይ ለውጥ ማምጣት አለብን። እኔ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ መጣል ይቅር ብዬ ተነሳሁ። የ1998ቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የፈጀበት ወንዝ ስለሆነ ሰው ቶሎ ይሰማኛል ብዬ ነበር።

ስድስት ልጆች፣ አንድ ጋሪና ሁለት ወር አለኝ። ሁለቴ ስብሰባ ጠራሁ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። በዚያ ሙቀት፣ በበርጫ ሰዓት! አዲስ አበቤነቴ ያኔ ተነቃ። አራት ሰው መጣ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት በየጉልቱ ዞርኩ። ሁሉም "እሺ አቦ" ይለኛል፤ ማታ ፌስታሉ ያው ወንዙ ውስጥ ነው። ኦሮምኛም ሶማሊኛም አልችልም።

ጉልት የሚሸጡት እናቶች የምር እንዲሰሙኝ መጀመሪያ ማንን ላናግር፦ የሰፈር ሽማግሌ፣ የዕቁብ ዳኛ ወይስ የአፎሻ (እንደ ዕድር ያለ መረዳጃ ማህበር) ሰብሳቢ?