የወይራ ዘር እስከ የት ይጓዛል? ከተከላው በፊት የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል ወይ?

አወያይ፦ በሰበታ ዙሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የተረፉትን ወይራዎች ከመናገሻ ሱባ ደን ጋር የሚያገናኝ መስመር በችግኝ ለመሸፈን አስበናል። ከገንዘቡ ከፊሉ፣ ዘሩ አሁን እስከ የት እንደሚደርስ ለሚያሳይ የዘረመል ምርመራ ይዋል መባሉ ግን አባላቱን ለሁለት ከፍሏል።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፦ እኔ እቃወማለሁ። ውጤት ስንጠብቅ ክረምቱ አልፎ፣ የችግኙ ሥር በፕላስቲኩ ውስጥ ሲጠማዘዝ ማየት አልፈልግም። ወፍ ፍሬውን እንደምትበላ ደግሞ ሁላችንም እናያለን።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ ወፏ ፍሬውን ስትውጥ እናያለን፤ ዘሩን የት እንደጣለችው ግን አናይም። ወፍ ካረፈችበት ግራር ሥር የተለቀመ የወይራ ዘር ቢመረመር፣ ዘሩን የከበበው ጠንካራ ቅርፊት የእናት ዛፏ አካል ስለሆነ፣ ዲኤንኤውን በአካባቢው ካሉት ዛፎች ጋር በማስተያየት እናቱን መለየትና የተጓዘውን ርቀት በሜትር መለካት ይቻላል። በበቀለ ቡቃያ ላይ ደግሞ የወይራ ክሎሮፕላስት (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ የራሱ ዲኤንኤ ያለው የሴል ክፍል) የሚወረሰው ከእናት ስለሆነ የዘሩን መንገድ ያሳያል፤ በነፋስ የመጣው የአባት ዛፍ የአበባ ብናኝ የሚታወቀው ከኒውክሊየሱ (ከሴሉ አስኳል) ዲኤንኤ ነው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የማነሳው፣ ብናኝ በመካከል ያለውን ባሕር ዛፍ ሁሉ ተሻግሮ ቢመጣ እንኳ ዘር ባልደረሰበት ባዶ መሬት ላይ ወይራ ስለማይበቅል ነው።

የአካባቢው ነዋሪ፦ የሁለቱ ቦታ ዛፎች ዘረመል ተመሳሳይ ሆኖ ቢገኝ፣ «ተገናኝተዋልና መስመሩ አያስፈልግም» እንዳይባል እሰጋለሁ።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ወይራ መቶ ዓመታትን የሚኖር ዛፍ በመሆኑ፣ አሮጌዎቹ የሚነግሩን ደኑ ሳይቆራረጥ በፊት የነበረውን ግንኙነት ነው። የዘረመል ተመራማሪው ስዋል ራይት እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ስሌትም ከዘረመል ልዩነት ተነሥቶ ከቦታ ወደ ቦታ የሚደረገውን የዘረመል ፍልሰት መጠን የሚገምተው፣ ሁኔታው ለብዙ ትውልድ ሳይለወጥ ቆይቷል ብሎ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኛ አካባቢ አይሠራም። የአሁኑን ግንኙነት የሚያሳየው ቡቃያ ስለሆነ፣ ቡቃያ ያልተካተተበትን ምርመራ እኔ ራሴ እቃወማለሁ።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፦ ቡቃያ ከተፈለገ፣ በቅጽሩ ካብ ሥር ከብት የማይደርስባቸው ስላሉ እኔ አሳያችኋለሁ። ተከላው ግን ከሐምሌ እንዳያልፍ።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦ አያልፍም። ቅጠሉ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ደርቆ ስለሚቆይ ምርመራው በኋላ ሊደርስ ይችላል። ናሙናው ግን ከተከላው በፊት መወሰድ አለበት፤ የተከልነው ችግኝ አንዴ ከወፍ ዘራሹ ቡቃያ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱን መለየት ይከብዳል።