«ብላንክ ቨርስ» «ባዶ ግጥም» ይባላል?

ስንኝ ቆጣሪ፦ «ብላንክ ቨርስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ የግጥም ዓይነት «ባዶ ግጥም» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል? ባለቅኔው ቲ. ኤስ. ኤልየት ተውኔቶቹን የጻፈው በዚሁ ነው ማለትስ?

ሐረግ፦ ሁለቱም አያስኬድም። የጎደለው ቤት መምቻው ብቻ ነው፤ ምጣኔው ሙሉ ነው። በአንድ ስንኝ 10 ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚነገር የድምፅ ቁራጭ)፣ 5 ጫና (ቀለሙን ጎላ አድርጎ መናገር)፣ ላላ ያለውና ጫና ያለበት እየተፈራረቁ። «ቤት የማይመታ ምጥን ግጥም» ቢረዝምም አያሳስትም። (ጫና ስል የኛን ማጥበቅ አይደለም። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ የሚለየው የ«ለ» ርዝመት ነው፤ የእንግሊዝኛው ጫና በሙሉ ቀለሙ ላይ ያርፋል።)

የቃል ዘር፦ ግጥም እኮ ከ«ገጠመ» ነው፤ ቤት ካልመታ ምኑ ገጠመ?

ሐረግ፦ ምጣኔው ይገጥማላ! ወደ ኤልየት ስመለስ፣ የብላንክ ቨርስን ምት ሆን ብሎ ነው የሸሸው። ጆሮ ሁሉ ሼክስፒርን ስለሚሰማበት የዘመኑ ሰው ሲናገርበት የውሰት ካባ የደረበ ይመስላል። የሊቀ ጳጳሱን የቶማስ ቤኬትን ግድያ ይዞ በ1935 በካንተርበሪ ካቴድራል በቀረበው ተውኔቱ አርአያ ያደረገው «ኤቭሪማን» የተባለውን የመካከለኛው ዘመን ተውኔት ነበር። ከ1939ኙ ተውኔቱ ጀምሮ ደግሞ የራሱን ስንኝ አበጀ፦ 3 ጫና፣ አንድ ዕረፍት፤ የቀለሙ ቁጥር ልቅ ነው። ከዕረፍቱ በአንድ ወገን 1 ጫና፣ በሌላው 2፤ የቱ እንደሚቀድም አልተወሰነም።

ስንኝ ቆጣሪ፦ በወል ቤት ቢተረጎምስ ወንድሜ?

ሐረግ፦ እዚያ ነው የሚበላሸው። ወል ቤት 6 እና 6 ቀለም ነው፣ መሐሉ ላይ እኩል ይሰበራል፣ ጫፉም ይመታል። ኤልየት የፈለገው ተመልካቹ ግጥም መሆኑን ልብ ሳይል ምቱ እንዲሠራበት ነው። በ1949 በኤዲንብራ ስለታየው «ዘ ኮክቴል ፓርቲ» ሲናገር፣ ውስጡ ግጥም መኖሩ ራሱ ሊያጠያይቅ ይችላል ብሏል። ወል ቤት ውስጥ ከገቡ እነዚያ ብርጭቆ ይዘው የሚያወሩ የለንደን ሰዎች የሚያቅራሩ ይመስላሉ። ስለዚህ ሐረጎቹን እኩል አታድርጋቸው፤ በአንዱ ወገን አንድ፣ በሌላው ሁለት ክብደት ያላቸው ቃላት አስቀምጥ፣ ቀለም መቁጠሩን ተወው።

የቃል ዘር፦ የቤኬት ገዳዮች ግን የሚናገሩት በዝርው ነው አይደል?

ሐረግ፦ አዎ። ከግድያው በኋላ ገዳዮቹ ባላባቶች ወደ ተመልካቹ ዞረው በተራ ንግግር ጥብቅና ይቆማሉ፤ ድንጋጤው ያለው ከግጥም ወደ ዝርው በመውረዱ ላይ ነው። «ተውኔቱ በግጥም ነው» ብሎ እነሱንም በስንኝ የሚያናግር ተርጓሚ ትዕይንቱን ያጠፋዋል።