አምስት ዓመት ሞላህ፣ ሼዱን ልቀቅ፤ ወዴት?

ብየዳው፦ ሰሞኑን ዜናው ሁሉ «ኢንተርፕራይዞች ከአነስተኛ ወደ መካከለኛ ተሸጋገሩ» ሆኗል። ዋንጫ፣ ሰርተፍኬት፣ ጭብጨባ። ተሸጋግረው የት እንደገቡ የጠየቀ ጋዜጠኛ ግን አላየሁም። እኔ ልንገራችሁ፤ አምስት ዓመት ሞላችሁ ተብለው መንግሥት ያከራያቸውን የመሥሪያ ሼድ አስረክበው፣ ማሽናቸውን በአይሱዙ ጭነው የግለሰብ ግቢ ፍለጋ ላይ ናቸው። ይሄ ማሳደግ ከተባለ ማባረር ምን ሊባል ነው?

የቀድሞ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ስትገባ የፈረምከውን ውል አንብበኸዋል? አምስት ዓመት ይላል። ጥቃቅንና አነስተኛ ሲደራጅ ወረዳ ላይ ስለሠራሁ ነው የምናገረው። ሥልጠናው በነፃ፣ ማሽኑ 20 በመቶ ቆጥበህ 80 በመቶው በሊዝ፣ ማለትም በኪራይ ግዢ፣ ጨረታ ላይ ባንክ በሚያረጋግጠው ሲፒኦ ፋንታ ካደራጀህ አካል የዋስትና ደብዳቤ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሼዱም እስከ ልጅ ልጅ ይሁንልኝ? ሼድ ርስት አይደለም።

ብየዳው፦ ርስት! ክረምት በመጣ ቁጥር ማሽን በላስቲክ የምንሸፍንበትን ቆርቆሮ ርስት ያለው ማነው?

የቄራው፦ ርስት ቢሆንማ ግብሩን ከፍሎ ይተኛ ነበር።

ተመዝጋቢው፦ ይቅርታ፣ እኔ ከጋሼ ባለሙያ ጋር ነኝ። በእንጨት ሥራ ተመርቀን፣ አምስት ሆነን ተደራጅተን፣ ቲን አውጥተን፣ ቆጥበን፣ «ሼድ ሲለቀቅ እንጠራችኋለን» ተብለን ቁጭ ብለናል። ውስጥ ያለው ራሱ ቢሠራበት ምን አለበት! አከራይቶት እኮ ነው። ለመንግሥት የሚከፍለው ሌላ፣ ከተከራዩ የሚቀበለው ሌላ። ርስት ካልሆነ ይሄ ጉልት ነው።

ብየዳው፦ ያከራየውን አስወጡት፣ ማን ያዛችሁ? ከሚሠራው ጋር ለምን በአንድ ደብዳቤ ታስወጡናላችሁ?

ሒሳቧ፦ እናንተ ርስት ላይ ቀራችሁ፣ እኔን «ተሸጋገሩ» የሚለው ነው የሚያናድደኝ። በ2003ቱ የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ አነስተኛ የሚባለው ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራ፣ ጠቅላላ ሀብቱ ከ100 ሺህ በላይ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር የሆነ ነበር። ያኔ 1.5 ሚሊዮን ገንዘብ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ጥግ ላይ የቆመ ከውጭ የመጣ ማሽን ዋጋው በብር ስለሚንር፣ ባለቤቱ ሳይነካው «አደገ» ማለት ነው። ሒሳብ ከምሠራላቸው ውስጥ ሠራተኛ ቀንሰው ካፒታላቸው በወረቀት የጨመረ አሉ። ተሸጋገሩ እንበላቸው?

የቀድሞ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ሀብት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በተገዛበት ዋጋ፣ የእርጅና ቅናሹ ተነሥቶለት ነው። ይህንን አንቺ ለእኔ ልትነግሪኝ ሲገባ።

ሒሳቧ፦ መዝገብ ያለው ስንቱ ነው ጋሼ? እኔ ያየሁት ቅጽ «ወቅታዊ ካፒታል» ይላል። ባለቤቱ በአፉ ይናገራል፣ ባለሙያው ይጽፋል። እርስዎም እንደዚያ ሲጽፉ ነበር ብዬ አልጠረጥርዎትም፣ አልልም።

የቄራው፦ አልልም ብላ አለች።

የቀድሞ ባለሙያ፦ ስድቡን ልለፈው። በ97 የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ብሎኬቱን፣ ፕሪካስቱን፣ በርና መስኮቱን ማን ነበር የሚያመርተው? የተደራጁ ልጆች ናቸው። ኮብልስቶን ሲጠርብ የነበረ፣ ዛሬ ሥራ ተቋራጭ የሆነ በግሌ አውቃለሁ። ምንም አልተሠራም ማለት ግፍ ነው።

የቄራው፦ 97 ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው።

አወያይ፦ የቄራው፣ እዚያ አንገባም። ስለ ሼድ።

ብየዳው፦ በርና መስኮት እኔም ሠርቻለሁ፣ አልካድኩም። ግን ገዢው አንድ መንግሥት ብቻ ነበር። ግንባታው ሲቀዘቅዝ የገበያ ትስስር የሚባለውም አብሮ ቀዘቀዘ። የግል ደንበኛ እንዴት እንደሚያዝ ማን አሠለጠነን? ሥልጠና ሲባል ሦስት ቀን አዳራሽ፣ ውሃና ብስኩት፣ ካይዘን የሚሉት የጃፓን አሠራር፣ ፎቶ።

ጥለት፦ የሽመናውን የሚያነሳ የለም እንዴ? ሽሮሜዳ ብትወርዱ ከውጭ በማሽን ታትሞ የገባ «ጥበብ» የሸማኔውን ሥራ በግማሽ ዋጋ እየሸጠው ነው። ለእኛ ድጋፍ ማለት በዓል ሲደርስ ባዛር ላይ ጠረጴዛ መስጠት ሆኗል። ሼድ ብትሰጠኝ ያንን ጨርቅ ይከለክልልኛል?

ስልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ዲሲ ከተማው ለአነስተኛና ለአካባቢው ንግዶች ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤት አለው። መስፈርቱን አሟልተህ ማረጋገጫ ካገኘህ በከተማው ግዢ ቅድሚያ ይሰጥሃል። አምስት ዓመት ሞላህ ውጣ የሚል ነገር አልሰማሁም።

የቄራው፦ መጀመሪያ መች አስገቡህና ውጣ ይበሉህ! ዲሲ ዩ ስትሪት ላይ ኪራይ ሲያማርራቸው ወደ እናንተ ሰፈር ወደ ስልቨር ስፕሪንግ የፈለሱትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ማን ያዘላቸው?

ስልቨር ስፕሪንግ፦ ሐሳብ ላካፍል ነው የመጣሁት፣ ለመሰደብ አይደለም።

ተመዝጋቢው፦ ዲሲን ተዉልኝ። ቀላል ነገር ነው የምጠይቀው። የእያንዳንዱ ሼድ ቁጥር፣ ማን እንደያዘው፣ መቼ እንደገባ፣ ወረዳው በር ላይ ይለጠፍ። ማን እንደሚሠራበት ጎረቤት ያውቃል፤ ያከራየ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል።

የቀድሞ ባለሙያ፦ መለጠፍ ቀላል ነው። ማስወጣቱን ሞክረው። ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ እግድ ያመጣል፣ ሽማግሌ ይልካል። አንድ ሼድ ለማስመለስ ስንት ደብዳቤ እንደሚጻፍ የሠራበት ያውቀዋል።

ብየዳው፦ ይለጠፍ! የእኔን ስም አንደኛ አድርጉት። በ2009 ገባሁ፣ ስድስት ሠራተኛ አለኝ፣ አንድ ቀን ለማንም አላከራየሁም።

ተመዝጋቢው፦ ቆይ ቆይ። በ2009 ነው ያልከው?

ሒሳቧ፦ ኧረ ብየዳው!

ብየዳው፦ አዎ በ2009። ኮሮና የበላውን ቀንሱ፣ መብራት የጠፋበትን ቀንሱ፣ ብረት የጠፋበትን ቀንሱ፣ ከዚያ አምስት ዓመት ሞልቶ እንደሆነ ንገሩኝ። መሥሪያ ቦታ በሊዝ ጠይቄ ፋይሌ እስካሁን ጠረጴዛ ላይ ነው። ቦታውን ስጡኝና ነገ ቁልፉን ውሰዱ።

የቀድሞ ባለሙያ፦ እንግዲህ ርስት ስል ምን ማለቴ እንደነበር ግልጽ ሆነ።

ብየዳው፦ አልሆነም! ከሼድ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ አሳየኝ አልኩህ እንጂ ሼዱን ስጠኝ አላልኩህም። ከቆርቆሮ ቤት ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምዘለው?

ተመዝጋቢው፦ አንተ ቀጣዩን ደረጃ እስክታገኝ እኔ የመጀመሪያውን አልረግጥም ማለት ነው። እሺ፣ ተግባባን።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ለግሩፑ አዲስ ነኝ። ቃሊቲ አካባቢ ሼድ የሚያከራይ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ ለእንጨት ሥራ ነው፣ ሦስት ፌዝ መብራት ያለው ቢሆን ይመረጣል።

የቄራው፦ ጋሼ ባለሙያ፣ ይቺን እርስዎ መልሱለት።