አስቸኳይ፦ ማን አደጋ እንደሚያመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

የገላን ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ገላን አካባቢ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ የሴፍቲ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ አንድ ልጅ የፕሬሱን (ብረት የሚጫነውን ማሽን) መከለያ አንስቶ ሲሠራ ጣቱ ለጥቂት ተረፈ። ሥራ አስኪያጁ «አደጋ የሚያመጡትን ሠራተኞች ለይተህ ስማቸውን እስከ ነገ ጠዋት አምጣ» አለኝ። በምን ልለያቸው? ፎርም ያለው ይላክልኝ፣ እባካችሁ!

ብርሃን ሰበታ፦ እንኳን ተረፈ። ጓንት ስጧቸው።

ቃሊቲ ሴፍቲ፦ ወንድሜ፣ መሠረቱን ልንገርህ። ሄይንሪች የሚባል አሜሪካዊ በ1931 እ.ኤ.አ. 88 በመቶው አደጋ የሚመጣው ከሠራተኛው ድርጊት ነው ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ዲሲፕሊን ይቅደም። ማስጠንቀቂያ ጻፍ፣ ፋይል ክፈት።

ቶርኖ ሠሪው፦ ያ ቁጥር እኮ ብዙ ተተችቷል። ምንጩ በአብዛኛው አለቆች የሞሉት የአደጋ ሪፖርት ነው። አለቃ ደግሞ ማሽኑን ትቶ ሠራተኛውን መክሰስ ይቀናዋል። ብርሃን፣ ጓንቱንም ተወው። ፕሬስ ጓንት አይቶ አይራራም። ቶርኖና ትራፓኖ (የመቅረጫና የመብሻ ማሽን) ላይ ደግሞ ጓንት ራሱ እጅ ይዞ ይገባል።

አበበች ዘ ዱከም፦ የስም ዝርዝር የፈለገ ጠንቋይ ቤት ይሂድ 😄 ግን ልጁ መከለያውን ለምን አነሳው? ጠይቀኸዋል?

የገላን ልጅ፦ መከለያው እየተያዘ አልንቀሳቀስ ይላል፣ ሥራ ያዘገያል ይላሉ። ክፍያው በሠሩት ዕቃ ቁጥር ነው። የማታ ፈረቃው ደግሞ ሰሞኑን ትርፍ ሰዓት በዝቶበታል።

አበበች ዘ ዱከም፦ በል መልሱን ራስህ ተናገርከው! በቁጥር እየከፈሉ የሚያዘገይ መከለያ ካስቀመጡ ማንም ያነሳዋል። ዝርዝሩን የሰው ሳይሆን የሁኔታ አድርገው። አጅዘን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ድርጊትን ለመተንበይ ሦስት ነገር ይመለከታል፦ ሰውዬው ስለ ድርጊቱ ያለው አመለካከት፣ አጠገቡ ያሉት ከእሱ የሚጠብቁት፣ እና «እችላለሁ ወይ» ብሎ ማሰቡ። አንተም ስም ሳትጽፍ ጠይቃቸው። መከለያው ይጠቅማል? መከለያው ሲነሳ የፈረቃ አለቃህ ዝም ይላል? ዘግቶ ኮታውን መሙላት ይቻላል? ከዚያ በየፈረቃው ቆመህ ስንቴ እንደተነሳ ቁጠር። ሥራ አስኪያጁ ቁጥር ይገባዋል።

ብርሃን ሰበታ፦ ወፍራም ጓንት ማለቴ ነው።

ቶርኖ ሠሪው፦ የትርፍ ሰዓቱንም አስላ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የደከመ ሰው እጁን ዘግይቶ ነው የሚያወጣው። መከለያውን አስጠግንና ሲነሳ ማሽኑ እንዲቆም አድርገው። የሁለት እጅ ቁልፍ (ሁለቱም እጅ ካልተጫነው የማይሠራ) ካለው አንዱ በሽቦ ታስሮ እንደሆነ እይ፣ ብዙ ቦታ ያስሩታል።

ቃሊቲ ሴፍቲ፦ ዲሲፕሊን ከሌለ ግን የተጠገነውንም ያነሱታል።

አበበች ዘ ዱከም፦ ስም ከጻፍክ ከነገ ጀምሮ «ለጥቂት ተረፍኩ» ብሎ የሚነግርህ አታገኝም። ገላን፣ አለህ? ፕሬሱ አሁን ቆሟል ወይስ ማታም እየሠራ ነው?