የዶሮ ጉበት ለነፍሰ ጡር ይመከር ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ሰሞኑን በሰፈር ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ አከራክሮን ሳንስማማ ተበተንን። ገሚሱ «የዶሮ ጉበት ደም ይሞላል፤ ለነፍሰ ጡር ሁሉ ይመከር» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ጉበት የመርዝ ማጠራቀሚያ ነው፤ ማንም አይንካው» አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጨምሩበት።

ዶሮ አርቢ፣ ዘንዘልማ፦ የመርዝ ማጠራቀሚያ የሚባለው ስህተት ነው። ጉበት መርዙን ሰባብሮ ያስወጣል እንጂ አያከማችም። የሚያከማቸው ብረትና ቫይታሚን ነው። የኔ ስጋት ሌላ ነው። መድኃኒት የተሰጣት ዶሮ መድኃኒቱ ከሰውነቷ ሳይወጣ ከታረደች ቅሪቱ ጉበቷ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ስትገዙ አርቢውን ጠይቁ። ጉበቱንም እዩት። ጤነኛው ጠቆር ያለ ቀይና ልስልስ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ካለው ጣሉት።

እማማ፣ አባይ ማዶ፦ ልጆቼ፣ እኛ ስናረግዝ ዶሮ ከታረደ ጉበቱ የኛ ነበር። ማን ከለከለን? ልጆቻችንም ደህና ናቸው። አሁን ምራቴ ሁለት ወሯ ነው፤ ፊቷ ገርጥቷል። ጉበት ካልሰጠኋት ምን ልስጣት?

ነርስ፣ ሽምብጥ፦ እማማ፣ ማሰብዎ ደግ ነው። በ100 ግራም የበሰለ የዶሮ ጉበት ውስጥ 11 ሚሊ ግራም ገደማ ብረትና 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ችግሩ ቫይታሚን ኤ ነው። በዚያው 100 ግራም ውስጥ ወደ 4000 ማይክሮ ግራም ይገኛል፤ ለአዋቂ ሰው የቀን ጣሪያው 3000 ነው። ሲበዛ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ የፅንሱን አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። የካሮትና የዱባው እንዲህ አይደለም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይቀይረዋል። ለምራትዎ ጉበቱ ይቅርባት። ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትለካ፤ የሚሰጣትን የአይረን ክኒን አታቋርጥ። እንቁላል አለ፤ በደንብ የበሰለ የጣና ቆሮሶ ዓሣም አለ።

ዶሮ አርቢ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የአንዲት የሐበሻ ዶሮ ጉበት እኮ እፍኝ አይሞላም፤ ያውም ለቤተሰብ ተከፋፍሎ። አልፎ አልፎ ሁለት ጉርሻ የምትበላን ሴት ምን አስፈራራት?

ነርስ፦ የቀመሰችው አትደንግጥ፤ እሱ ላይ ልክ ነህ። ግን አሁን ጉበት ለብቻው በኪሎ ተገዝቶ ሳህን ሙሉ እየተጠበሰ ነው። እኛ በስብሰባ ተነስተን «ነፍሰ ጡሮች ጉበት ብሉ» ካልን ሁለት ጉርሻ ላይ የምታቆመው ስንቷ ናት? እኔ በዚህ ምክር ስሜን አላስገባም።

ምግብ አብሳይ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አበሳሰሉ ነው። ዱለት ለብለብ የለመደ ደንበኛ የዶሮ ጉበቱንም «ለብለብ አድርጊልኝ» ይለኛል። እምቢ እላለሁ። ካምፓይሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከጉበቱ ውስጥም ይገኛል። በውኃም በሎሚም ታጥቦ አይጠፋም። መጀመሪያ ሐሞቱን ሳላፈነዳ ቆርጬ አወጣለሁ፤ አረንጓዴ የነካውን ሥጋ አብሬ እጥላለሁ፤ አለዚያ ድስቱ በሙሉ ይመራል። ከዚያ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል አበስለዋለሁ። ከማውጣቴ በፊት ትልቁን ቁራጭ ለሁለት ከፍዬ አያለሁ። መሐሉ ሮዝ ከሆነ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ቴርሞሜትር ያለው መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠብቅ።

ጡረተኛ መምህር፦ ሪህ ያለብንንም አትርሱን። ጉበት ፒዩሪን ስለሚበዛበት ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል። ሐኪሜ ከከለከለኝ ቆየ።

አወያይ፦ ሕፃናትስ?

ነርስ፦ ስድስት ወር ካለፋቸው በደንብ በስሎ፣ ተፈጭቶ፣ በሻይ ማንኪያ ትንሽ፣ በሳምንት አንዴ ቢሆን ጥሩ ነው። ለእነሱ ብረቱ በጣም ያስፈልጋቸዋል።

እማማ፦ እሺ ልጄ፣ ለምራቴ ይቅር። ስትወልድ ግን ማንም አይከለክለኝም!

ነርስ፦ ለአራስ ይሆናል እማማ። በደንብ ይብሰል፣ በየቀኑ አይሁን እንጂ።