የክሎሪን ማስ አልደመር አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከድሬዳዋ። ሙቀቱ ቤት ስለማያስቀምጥ ማታ ማታ ግቢ ምንጣፍ ዘርግቼ ነው የማጠናው። ሦስት ቀን ሙሉ ግን ክሎሪን ላይ ተተክያለሁ።

ፕሮቶኑ 17 ነው። በተፈጥሮ በብዛት የሚገኙት አይሶቶፖቹ (ፕሮቶናቸው እኩል ሆኖ ኒውትሮናቸው የሚለያይ አቶሞቹ) ሁለት ናቸው፤ አንዱ 18፣ ሌላው 20 ኒውትሮን አለው፤ ከፕሮቶኑ ጋር ሲደመር 35 እና 37 ማለት ነው። ግማሽ ኒውትሮን ሳይኖር የክሎሪን ማስ 35.5 የሚባለው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል፣ የሁለቱ አማካይ ነው። (መጀመሪያ 35 እና 37ን ደምሬ ለሁለት አካፍዬ 36 ብዬ ነበር፤ ታናሽ እህቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።)

አሁን በተፈጥሮ ባላቸው ድርሻ ሳባዛ፣ 35 × 0.7577 + 37 × 0.2423፣ 35.48 መጣ። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ (ፔሪዮዲክ ቴብል) ግን 35.45 ይላል። ጓደኛዬ «ማጠጋጋት ነው፣ እለፈው» አለኝ። አላሳመነኝም።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፦ ፕሮቶን 1.0073፣ ኒውትሮን 1.0087 አቶሚክ ማስ ዩኒት ነው። 17ቱን ፕሮቶንና 18ቱን ኒውትሮን ስደምር፣ ኤሌክትሮኖቹን እንኳ ሳልቆጥር፣ 35.28 ይሆናል። የክሎሪን 35 ማስ ግን 34.97 ተብሎ ተጽፏል። አራቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። እንዴት ነው አቶሙ ከተሠራበት ነገር ድምር የሚቀለው? የጎደለው 0.31 የት ገባ? ከ35.48ቱ ጋርስ ይገናኛል? አቦ፣ የገባው ሰው ቀስ አድርጎ ያስረዳኝ፤ ፈተናው ሰኞ ነው።