ልጆቻችንን ቤት እናስተምር? የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካዊ ቤተሰብ ጥያቄ ከሜሪላንድ

ጠያቂዋ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ በግዕዝ ሥርዓት የምናስቀድስ ካቶሊካውያን ነን። የ9 ዓመት ሴትና የ6 ዓመት ወንድ ልጆች አሉን፤ ሁለቱም በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ባለቤቴ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሥራ እገባለሁ፤ ስለዚህ ልጆቹን በቅጡ የምናገኛቸው እሑድ ብቻ ሆኗል። ባለፈው ወር ማታ ስንጸልይ ልጄ «አባታችን ሆይ»ን ጀምራ «የዕለት እንጀራችንን» ከሚለው ላይ ስትደርስ ቃሉ ጠፋባትና በእንግሊዝኛ ጨረሰችው፤ ታናሿም ከዚያ በኋላ ነው አብሮ መጸለይ የጀመረው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲያየን ነበር።

ለሁለት ልጆች የካቶሊክ ትምህርት ቤት ክፍያ ከአቅማችን በላይ ነው። በአቅራቢያችን ባለው የላቲን (የምዕራቡ ካቶሊክ) ሥርዓት ቁምስና ግን ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ አሜሪካውያን ቤተሰቦች አሉ፤ እኛም እንድንሞክረው ይመክሩናል። አዲስ አበባ ያሉት አማቴ ይህን በስልክ ሲሰሙ «ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ሲታመም ነው» አሉኝ። እኔም ብሆን በካቶሊካዊው ናዝሬት ስኩል ተምሬ ያደግሁ ስለሆንኩ ነገሩ ይከብደኛል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ምን ትላለች? ሕጉስ ምን ይጠይቃል? ከሁሉ በላይ ግን የሞከራችሁት ቤታችሁን ምን እንዳስከፈለው በግልጽ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

መልስ 1፦ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፣ ዋሽንግተን ዲሲ

የእርስዎን ቤተሰብ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ ነው፤ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የላቲኑን ስንጠቅስ እንገኛለን። ይኸው ሕግ በቀኖና 627 ልጆችን የማስተማር ኃላፊነት በቅድሚያ የወላጆች መሆኑን ይደነግጋል። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ያንኑ አጽንተዋል። በአሜሪካም ቢሆን የወላጅ መብት በፍርድ ቤት የጸናው ካቶሊካውያን ደናግል ባቀረቡት ክስ ነበር፦ ኦሪገን ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ ባወጣ ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 ሽሮታል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «እውነተኛ ካቶሊክ ልጁን ቤት ያስተምራል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይስሙት። ያው የ1965 መግለጫ ወላጆች በሚቻልበት ቦታና ጊዜ ሁሉ ልጆቻቸውን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት እንዲልኩ ያሳስባል። ኃላፊነቱ የእርስዎና የባለቤትዎ ነው፤ መንገዱን መምረጥም እንዲሁ።

መልስ 2፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

እኅቴ፣ እኔ 4 ዓመት አስተምሬያለሁ። ሕጉ እንደሚወራው አያስፈራም። ከመጀመርሽ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድመሽ ለካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ቅጽ ሞልተሽ ታስታውቂያለሽ። ከወላጅ ዲፕሎማ አይጠየቅም፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ግን ሳይቋረጡ መሰጠት አለባቸው። የልጆቹን ሥራ በፎልደር ታስቀምጫለሽ፤ ገምጋሚው በዓመት ቢበዛ 3 ጊዜ ያየዋል። ለመጀመሪያው ግምገማ ስሄድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ልጄ በየሳምንቱ የሣላትን የባቄላ ችግኝ እያገላበጠች አይታ በ20 ደቂቃ ሸኘችኝ።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ የሚታተሙት ካቶሊካዊ የቤት ትምህርት መጻሕፍት በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፣ ነገር ግን የተጻፉት ለላቲን ሥርዓት ልጆች ነው። የዛሬ 3 ዓመት ሁለተኛው ልጄ «ጾም የሚጀምረው በዐመድ ረቡዕ ነው» የሚለውን አንብቦ ዐመድ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባ። ምጣዱን አንሥቶ ከሥሩ አየ፤ ምጣዳችን ደግሞ የኤሌክትሪክ ነው። ያን ቀን ሳቅን፤ ማታ ሳስበው ግን ልጄ ስለ ሌላው ሥርዓት ከራሱ ይልቅ እያወቀ መሆኑ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም የሚገባው ሰኞ እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም፤ ነጋሪዋ እኔ መሆን ነበረብኝ። በማግስቱ ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ያሉትን 8 እሑዶች በካርቶን ላይ ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍን፤ በየሳምንቱ የእሑዱን ወንጌል በአማርኛ ያነባሉ፣ ምስባኩን በግዕዝ ይሰማሉ። ፊደል የምናስቆጥረው ጠዋት 20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ እኔ በልጅነቴ እንደተማርኩት የዮሐንስን መልእክት ማንበብ ይጀምራሉ። ስለዚህ መጻሕፍቱን ገዝተሽ የምትጨርሺው ነገር እንዳይመስልሽ፤ የራሳችንን የምትጨምሪው አንቺ ነሽ፣ እርሱም ጊዜ ይወስዳል።

ዋጋውን ጠይቀሻል። እኔ ሥራ አቁሜያለሁ፤ በአንድ ደመወዝ ነው የምንኖረው። በልጆችሽ ዕድሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ለትምህርቱ ይበቃል፤ አንቺ ሥራ ከገባሽ በኋላ ግን ባለቤትሽ ተኝቶ ልጆቹ በጸጥታ ይቀመጣሉ ብለሽ እንዳታቅጂ።

መልስ 3፦ አባት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

እኛ ጀምረን ትተነዋል። በቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማስታወቅ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በግምገማ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚህ በኩል አልተቸገርንም። የተቸገርነው ባለቤቴ ከሰው በመራቋ ነው። አገር ቤት ጎረቤት አለ፣ አክስት አለች፣ ቡና ይጠጣል፤ እዚህ አፓርታማ ውስጥ ከሁለት ወንዶች ልጆች ጋር ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነበረች፤ እኔም ማታ ደክሞኝ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሒሳቡ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይተን ልጆቹን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መለስናቸው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ፊደል የማስጠናው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ጓደኞቿ ዘንድ ትሄዳለች።

መልስ 4፦ አባት፣ ፍራንክፈርት

እናንተ መምረጥ መቻላችሁም አንድ ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ ቤት ማስተማር ክልክል ነው፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2019 ለክልከላው ፈርዷል። በሌላ በኩል የሃይማኖት ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚሰጥ፣ ልጄ ካቶሊካዊ ትምህርቷን የምታገኘው እዚያው ነው። የግዕዙን ቅዳሴ ግን ማንም አያስተምርልንም፤ በዚህ ነገር ከእናንተ አንለይም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቨርጂኒያውን ወንድማችንን መልስ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ሰኞና ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው፣ ሒሳቡን ለእኔ ተዪው» አለኝ። ሥራዬን ስላላቆምኩ ለጊዜው ከትምህርት ቤት አናስወጣቸውም፤ በክረምቱ ዕረፍት ግን ጠዋት ጠዋት እየሞከርን እናየዋለን። የሜሪላንዷ እኅቴ፣ የእሑዶቹን ካርቶን ፎቶ ብትልኪልኝ?

የሦስት ልጆች እናት

ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ። «ኒቆዲሞስ» የሚለውን የጻፈችው ትንሿ ልጄ ስለሆነች አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ እንዳላርመው ስለከለከለችኝ እንዳለ ነው የሚደርስሽ።